ሞተሩ ይዞራል፣ ግን አይነሳም

(በአባላት የውይይት ቀን ከማኅበሩ ሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር። ለዚህ እትም ሲዘጋጅ በመጠኑ አጥሯል።)



የፕሮግራሙን ወረቀት ያያችሁ እርስ በርስ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። «ሒሳብ ሠራተኛዋ ስለ ጀልባ ሞተር ምን ልታወራ ነው?» ብላችሁ ይሆናል። እውነታችሁን ነው፤ ዲፕሎማዬ የአካውንቲንግ ነው፣ እጄም የለመደው ካልኩሌተር ነው። ነገር ግን የማኅበራችንን የንብረት መዝገብ ብትከፍቱት ከወፍጮው ቀጥሎ ትልቁ ቁጥር የተጻፈው ከጀልባዋ ጎን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከዘጌ ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ይዘው ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚመጡ አባሎቻችንን የምታመላልሰው እሷ ናት። በሌላው ቀን ገዳማቱን ለማየት የሚመጣ እንግዳ ትይዛለች። አንድ ቅዳሜ ከቆመች የሚቀረው የጉዞ ሒሳብ ብቻ አይደለም። ሎሚው ይጠወልጋል፣ ገበያው ያልፋል፣ ከዚያ የቁጠባና ብድሩ ክፍያ ይዘገያል። በወሩ መጨረሻ የብድር ተመላሽ ስመዘግብ ጀልባዋ የቆመችበት ሳምንት የትኛው እንደሆነ ማንም ሳይነግረኝ ከቁጥሩ ላይ አነበዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንድ በሽታ ብቻ ነው። ቁልፉ ሲጠመዘዝ ሞተሩ ይዞራል፣ ያጓራል፣ ግን አይነሳም። ሌሎቹን በሽታዎች ለባለሙያ እተዋለሁ። ይህኛውን ግን ብዙውን ጊዜ እኛው ራሳችን፣ አንዳንዴም ያለ አንዳች ወጪ፣ ልንፈታው እንችላለን።

በመጀመሪያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ቁልፉን ስትጠመዝዙ «ጠቅ» ብሎ ዝም ካለ ወይም ጭራሽ ምንም ካልተሰማ፣ ጥያቄው የባትሪ፣ የሽቦ ወይም የሞተሪኖ ነው። ማርሽ ውስጥ ሆኖ ከሆነም ዝም ይላል፤ ዜሮ ማርሽ ላይ ካልሆነ እንዳይዞር ተደርጎ የተሠራ ነውና። ሞተሩ ከዞረ ግን ሞተሪኖው ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ሞተሪኖ ከማዞር ሌላ ሥራ የለውም።

ይህችን ልዩነት የተማርኩት ከመካኒክ ሳይሆን ከአንድ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት ላይ ነው። ጀልባዋ ቆማ ሳለ ከአንድ ጋራዥ የመጣ ዝርዝር ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ። አዲስ ሞተሪኖ፣ አዲስ ባትሪ፣ ሁለት ካንዴላ፣ የካርቡሬተር እጥበት፣ የእጅ ዋጋ ይላል። እኔ ወረቀት ላይ የተጻፈ ነገር ካልገባኝ አልፈርምም፤ ጠባዬ ነው። ወደ ጀልባ ነጂያችን ደወልኩ።

«ጋሼ፣ ቁልፉን ሲጠመዝዙት ምን ይሰማል?»

«ያጓራል የኔ ልጅ፤ ይዞራል። አይነሳም እንጂ።»

«ከዞረ ታዲያ ሞተሪኖው ምን ሆነ ብለው ነው የሚቀየረው?»

ጋሼ ትንሽ ዝም አሉና «እኔም እሱን አላውቅም» አሉኝ። ከሰዓት በኋላ ባትሪው በቴስተር ተለካ፤ 12.6 ቮልት ሆነ፣ ማለትም ሙሉ ነው። የቤንዚኑ ማጣሪያ ትንሿ ብርጭቆ ስትከፈት ግን ከሥሯ ውሃ ተኝቶ ተገኘ። ውሃው ተደፋ፣ ጋኑ ተጠረገ፣ ንጹሕ ቤንዚን ገባ፣ ሞተሩ በሦስተኛው ሙከራ ተነሳ። ጋራዡን ሌባ ለማለት አይደለም የማነሳው። ሰዎቹ ሞተሩን ሳያዩት፣ በስልክ «አልነሳ አለ» ሲባሉ፣ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ዘርዝረው ነው የላኩት። በእኛ በኩል «ይዞራል» የምትለዋን አንዲት ቃል የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ወደ ፍተሻው ከመግባቴ በፊት ግን ሐይቅ ላይ ሳላችሁ ይህ ቢደርስባችሁ ምን እንደምታደርጉ ልናገር፤ ምክንያቱም ሰው ሲደነግጥ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ነው የሚያፈጠው። ከሞተሩ በፊት መልሕቅ ይጣላል። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ነው፣ በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታም 14 ሜትር ገደማ ነው። መልሕቅ በደንብ እንዲነክስ ገመዱ የጥልቀቱን አምስት እጥፍ ያህል ቢሆን ይመረጣል፤ ስለዚህ የእኛ ገመድ 50 ሜትር ከሆነ አብዛኛውን ቦታ ይበቃናል፣ 70 ከሆነ ሁሉንም። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ መልሕቅ ያልጣለች ጀልባ ጎኗን ለማዕበል ሰጥታ ወደ ድንጋይ ወይም ወደ ደንገል ትገፋለች። ቀጥሎ ሁሉም ሰው የሕይወት ጃኬቱን ማሰሩ ይታያል፣ ወደ ወደብ ስልክ ይደወላል። ይህ ሁሉ ሲያልቅ ነው የሞተሩ ክዳን የሚነሳው። ክዳኑን ለማንሳት ሁሉም ተሳፋሪ ወደ ኋላ እንዳይከማች ደግሞ ንገሯቸው። ጀልባ ከኋላ ሲከብድ ውሃ የሚገባው በዚያው ነው።

አሁን ወደ ሞተሩ። የቤንዚን ሞተር ለመነሳት ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ ከአየር ጋር በልክ የተቀላቀለ ቤንዚን፣ በሰዓቱ የሚመጣ የእሳት ብልጭታ፣ እና ድብልቁን አፍኖ የሚጨምቅ ሲሊንደር። ከሰል ስታያይዙ ከሰሉ ደረቅ፣ ክብሪቱ የሚሠራ፣ ማራገቢያውም በእጃችሁ መሆን አለበት አይደል? ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላውን ብታበዙት ምድጃው አይያዝም። ሞተሪኖውን ደጋግሞ ማዞርም እንደዚያው ነው። የጎደለውን አያመጣም፤ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ሞተሪኖውን ያግላል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሰከንድ በላይ አታዙሩ፤ 10 ሰከንድ ያህል አሳርፋችሁ ድገሙ። ሦስት አራት ጊዜ ሞክራችሁ እምቢ ካለ እጃችሁን ከቁልፉ ላይ አንሱና ፍተሻ ጀምሩ።

ፍተሻውን የማስኬደው እንደ በጀት ነው። ምንም የማያስከፍለው ይቀድማል፣ ውዱ መጨረሻ ይመጣል። ደግሞ ደስ የሚለው፣ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው በነጻው በኩል ነው።

መጀመሪያ ቀዩን ገመድ እዩ። ነጂው ክንዱ ላይ የሚያስረው ያ ጥምዝምዝ ገመድ ጫፉ ላይ ያለችው ማንጠልጠያ ከቦታዋ ከወጣች፣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር አይነሳም፤ ብልጭታውን ትዘጋዋለችና። የተሠራችው ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩ እንዲጠፋ ነው። አንድ ሕፃን ሲጫወትባት ወይም የተሳፋሪ ሻንጣ ሲነካት ትወጣለች። ከወደቡ ሰዎች እንደሰማሁት በዚህች ማንጠልጠያ የተነሳ መካኒክ ድረስ የተጠራበት ጊዜ አለ። መካኒኩ መጥቶ በሁለት ጣቱ ይመልሳታል፣ የመጓጓዣውን ይቀበላል፣ ይሄዳል።

ቀጥሎ የቤንዚኑ ጋን ክዳን ላይ ያለችውን የአየር ማስገቢያ ብሎን እዩ። ጀልባዋ ስትቆም ቤንዚን እንዳይተን ትዘጋለች፤ ጠዋት መክፈት ይረሳል። ከተዘጋች ቤንዚኑ ሲጠባ በቦታው የሚገባ አየር ስለሌለ ጋኑ ይታፈናል፣ ቤንዚኑም መምጣቱን ያቆማል። ይህ ጥፋት ተንኮለኛ ነው፤ ጠዋት ይነሳል፣ ጥቂት ይሄዳል፣ መሐል ሐይቅ ላይ ይጠፋል። ምልክቱ በቱቦው መሐል ያለችው ጥቁር የጎማ ኳስ ላይ ይታያል። ሁለት ጎኗ ተጣብቆ ጠፍጣፋ ሆና ካገኛችኋት ጋኑ ታፍኗል፣ ወይም ከኳሷ በፊት የሆነ ነገር ተደፍኗል።

ስለዚህች የጎማ ኳስ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ትናገራለችና። ላይዋ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ ወደ ሞተሩ ማመልከት አለበት፤ ቱቦ ተቀይሮ በግልባጭ ከተገጠመ ቤንዚን አያልፍም። ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት በእጅ ትጨመቃለች፣ ካርቡሬተሩ ሲሞላ ጠንከር ትላለች። አሥር አሥራ አምስት ጊዜ ጨምቃችሁ እንደለሰለሰች ከቀረች፣ ጋኑ ባዶ ነው፣ ወይም ቱቦው የሆነ ቦታ አየር ይስባል፣ ወይም የኳሷ የውስጥ ክዳን ተበላሽቷል። በተገላቢጦሹ ገና በመጀመሪያው ጭመቃ ድንጋይ ከሆነችና ካንዴላው ግን ደረቅ ከሆነ፣ ከኳሷ ወዲያ፣ ማለት በሞተሩ በኩል፣ መንገዱ ተዘግቷል። አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ሞተሩ ላይ የሚሰካበት መጋጠሚያ በደንብ ስላልገባ ነው። ነቅላችሁ እንደገና ሰኩት፤ «ቀጭ» ማለት አለበት።

ከዚያ ቾክ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ቾክ ይሳባል፣ ሲነሳ ይመለሳል። ቀደም ብሎ ሲሠራ የነበረ ሙቅ ሞተር ላይ ቾክ መሳብ ግን ቤንዚን ማብዛት ነው፤ ሲሊንደሩ ይጥለቀለቃል። የቤንዚን ሽታ አፍንጫችሁን ከመታው ይህ ሆኗል ማለት ነው። ቾኩን መልሱ፣ ኳሷን አትንኩ፣ 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ በዜሮ ማርሽ ላይ ጋዙን ከፈት አድርጋችሁ ለአጭር ጊዜ አዙሩ። መጠበቁ ያስጨንቃል፤ ተሳፋሪው «ምን ትጠብቃላችሁ?» ይላል። ይበል።

እዚህ ላይ የእኛን አገር የሚመለከት አንድ ነገር አለ። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተሮቹ የሚስተካከሉት ግን ባሕር ላይ እንዲሠሩ ነው። አየሩ እዚህ ቀጭን ስለሆነ ያው የቤንዚን መጠን ለእኛ አየር ይበዛበታል፤ ካንዴላው ቶሎ ይጠቁራል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል። በግምት በየ300 ሜትሩ ከፍታ ሦስት በመቶ ያህል ጉልበት ይጠፋል ይባላል። ያም ማለት 40 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛልን ሞተር እዚህ የሚሰጠን ወደ 33 ገደማ ነው። አምራቾቹ ለከፍታ ቦታ የሚሆን ጠበብ ያለ የካርቡሬተር ቀዳዳ አላቸው፤ ትንሽ ዕቃ ናት። ደጋፊዎቻችን ቀጣይ ሞተር ስትገዙልን ይህችን ዕቃ በትእዛዙ ውስጥ ብታስገቡልን ደስ ይለናል።

ነጻዎቹ ካለቁ ቀጥሎ ቤንዚኑ ራሱ ነው፤ እኔ ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው። ያ የዋጋ ማቅረቢያ ከመጣ በኋላ አንድ ደብተር ጀመርን። ቀን፣ የተሠራበት ሰዓት፣ የተቀዳው ሊትር፣ ቤንዚኑ የተገዛበት ቦታ፣ የታየ ችግር፤ አምስት ዓምድ ብቻ። ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሞተሩ አልነሳ ያለባቸውን ቀኖች በቀይ ብዕር ከበብኳቸው። ከዚያ ዓይኔን ወደ አራተኛው ዓምድ አዞርኩ። ማደያ ላይ ቤንዚን ጠፍቶ ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ በገዛንባቸው ቀኖች ማግስት ነው አብዛኛው ቀይ ክብ ያረፈው። በጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን በሊትር ውድ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ደብተሩ ያሳየን ግን የቆመውን ቀን ስንደምርበት ከዚያም የባሰ ውድ መሆኑን ነው። አሁን በጀሪካን ለመቅዳት የሚያስፈልገንን ደብዳቤ ሳያልቅብን አስቀድመን እናሳድሳለን፤ የአንድ ሳምንት መጠባበቂያም በተዘጋ ጀሪካን፣ ከእሳትና ከመኖሪያ ቤት ርቆ፣ በጥላ እናስቀምጣለን።

ሁልጊዜ ግን ሻጩ አይደለም ጥፋተኛው። ክዳኑ የላላ ጀሪካን ዝናብ ላይ ካደረ ውሃ ይገባዋል። ግማሽ የሆነ ጋን ሌሊት ሲቀዘቅዝ ግድግዳው ላይ እርጥበት ይይዛል። ለማወቅ ቀላል ነው። ከጋኑ ሥር ትንሽ ቤንዚን በንጹሕ ነጭ ጠርሙስ ቀድታችሁ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጡት። ውሃ ከቤንዚን ይከብዳል፤ ሥሩ ላይ ለብቻው ተለይቶ ይተኛል፣ መስመሩ በዓይን ይታያል። ሞተሩ ላይ ያለችው የማጣሪያ ብርጭቆም ይህንኑ ታሳያለች። ውሃ ካገኛችሁ ብርጭቆዋን ብቻ ማጽዳት አይበቃም፤ ካርቡሬተሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ብሎን ላላ አድርጋችሁ የተጠራቀመውን በጣሳ አፍስሱት። ሐይቁ ላይ እንዳትደፉት፤ ዓሣውም የእኛ ነው።

ዘይቱም ሌላ ነገር ነው። የእኛ ሞተር ባለ ሁለት ምት ስለሆነ ቤንዚኑ ከዘይት ጋር ይቀላቀላል፤ 50 ለ1። ለ20 ሊትር ጀሪካን 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። «ትንሽ ጨመር ቢደረግ ሞተሩን ይጠቅመዋል» የሚሉ አሉ። አይጠቅመውም፤ ካንዴላውን በጥቀርሻ ይሸፍነዋል፣ ከዚያ አይነሳም። ያነሰ ከሆነ ደግሞ ይነሳል፣ ግን ፒስተኑ ይጣበቃል፤ ያኔ የምናወራው ስለ ካንዴላ ሳይሆን ስለ አዲስ ሞተር ነው። የመኪና ሞተር ዘይት አይሆንም። ለጀልባ ሞተር የተሠራው ቆርቆሮው ላይ «ቲሲ ደብልዩ 3» የሚል ምልክት አለው፤ ስትገዙ እሱን እዩ፤ ደረሰኙም ላይ ይጻፍ።

እስካሁን ካልተነሳ ካንዴላ ይፈታል። እዚህ ጋ ነው ነገሩ ለሁለት የሚከፈለው፤ እኔ ከፍተሻዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህን ነው፤ እንደ ሒሳብ ሚዛን ቁርጥ ያለ መልስ ስለሚሰጥ። ካንዴላው ደረቅ ሆኖ ከወጣ ቤንዚን ሲሊንደሩ ጋ አልደረሰም፤ ወደ ቤንዚኑ መንገድ ተመለሱ፣ የእሳቱን ነገር ለጊዜው እርሱት። በቤንዚን ርሶ ከወጣ ቤንዚን ደርሷል፣ ያላቀጣጠለው እሳቱ ነው ወይም ቤንዚኑ በዝቷል። የውሃ ጠብታ ካያችሁበት ቤንዚኑ ተበክሏል። ጥቁርና ዘይታም ከሆነ አጽዱት ወይም ቀይሩት። ሁለት አዲስ ካንዴላ ሁልጊዜ ቦርሳ ውስጥ ይኑር፤ ሲገዛ በሞተሩ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ይታይ፤ ስለገባ ብቻ ልክ ነው አይባልም።

ርሶ ከወጣ ብልጭታውን ማየት ይቻላል፤ ግን ይህን ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ተሳፋሪ ሳይኖር፣ ከሠለጠነ ሰው ጋር ብቻ አድርጉት። የቤንዚን ቱቦው ይነቀላል፣ የፈሰሰው ይጠረጋል፣ ሽታው እስኪሄድ ይጠበቃል። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ጀልባዋ ሆድ ውስጥ ተኝቶ ይጠብቃል፤ ዓይን አያየውም። ካንዴላው በኮፍያው ላይ ተሰክቶ የብረት አካሉ የሞተሩን ብረት እንዲነካ ይደረጋል፣ ከካንዴላው ቀዳዳ ግን ይራቅ። የሌላውም ሲሊንደር ካንዴላ እንዲሁ ብረት ይንካ፤ ካልሆነ የማቀጣጠያው ኤሌክትሮኒክስ ሊቃጠል ይችላል፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው። በእጃችሁ አትያዙት፤ ላስቲክ እጀታ ባለው ፒንሳ ነው። ሲዞር ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ከታየ እሳቱ ደህና ነው። ደካማና ቢጫ ከሆነ ወይም ከሌለ፣ አዲስ ካንዴላ አድርጉና ድገሙ። በአንዱ ሲሊንደር ብቻ ከጠፋ የዚያ ሽቦ ወይም ቦቢና ነው፤ በሁለቱም ከጠፋ ደግሞ ቀዩን ገመድና የማጥፊያውን ሽቦ እንደገና አስቡ፤ ከዚያ በኋላ ነው ማቀጣጠያው የሚጠረጠረው።

«ይዞራል» ስንልም አዟዟሩን እንስማ። እየተንቀራፈፈ የሚዞር ሞተር ቤንዚን በደንብ አይስብም፣ ብልጭታውም ይደክማል። ቆሞ 12 ቮልት የሚያሳይ ባትሪ ሲያዞር ከ9 ተኩል በታች ከወረደ ደክሟል፤ ወይም ጫፎቹ ዝገዋል። ጫፎቹን አጽድቶ ማጥበቅ ይቀድማል። ለድንገተኛ ጊዜ ሞተሩ ክዳን ሥር የሚጠቀለል ገመድ አለ፤ በእጅ ማስነሳት ይቻላል። ብርቱ ክንድ ይጠይቃል፤ ውኃ በእንስራ ተሸክመን ላደግነው ግን አዲስ ነገር አይደለም።

በተቃራኒው ሞተሩ ከወትሮው ፈጥኖ፣ ያለ ምንም ትግል፣ «ውውው» እያለ ከዞረ መጥፎ ነው፤ ሲሊንደሩ መጭመቁን ትቷል። ፋሻው አልቋል ወይም ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል። ይህ የጋራዥ ሥራ ነው። እኛ የምንፈልገው የሁለቱን ሲሊንደሮች የግፊት ልኬት በቁጥር በወረቀት ማየት ብቻ ነው። ሁለቱ ተቀራራቢ ከሆኑ ጥሩ፤ አንዱ ከሌላው በ15 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ ገንዘብ ማዘጋጀት አለብኝ።

ጋራዥ ስንሄድ ታዲያ የሥራ አመራር ኮሚቴው እንዲያጸድቅልኝ የጠየቅኩት አሠራር አጭር ነው። ከሞተሩ ጋር የፍተሻ ወረቀታችን ይሄዳል፦ ይዞራል ወይስ አይዞርም፣ ካንዴላው ደረቅ ነበር ወይስ እርጥብ፣ ብልጭታ ታይቷል ወይስ አልታየም፣ ባትሪው ስንት አነበበ። የተቀየረ ዕቃ ሁሉ አሮጌው ይመለስልናል። ያለዚህ ክፍያ አልፈርምም። ጥሩ መካኒክ በዚህ አይከፋም፤ ጋሼ እንደነገሩኝ የአሁኑ መካኒካችን ወረቀቱን ሲያይ «ግማሽ ቀን አተረፋችሁልኝ» ብሏል።

ለደጋፊዎቻችን ደግሞ በግልጽ ልናገር። ሞተር መስጠት ትልቅ ነገር ነው፤ ርክክቡ ላይ ፎቶ ተነስተናል፣ ፎቶው ቢሮ ግድግዳ ላይ አለ። ነገር ግን በፕሮጀክቱ በጀት ውስጥ ለማጣሪያ፣ ለካንዴላ፣ ለግፊት መለኪያና ለሥልጠና የተያዘ አንድም መስመር አልነበረም። ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸሩ እነዚህ ጥቃቅን ናቸው። እኔ ምርጫ ቢሰጠኝ ሁለተኛ ሞተር ከመቀበሌ በፊት ለመጀመሪያው የመለዋወጫ በጀትና ለአራት ሴቶች የሁለት ሳምንት የጋራዥ ልምምድ እጠይቃለሁ።

አራት ሴቶች ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በእያንዳንዱ ጉዞ ላይ ከነጂው ሌላ አንዲት ፍተሻውን የምታውቅ አባል እንድትኖር እንፈልጋለን። ጋሼ ሰው ናቸው፤ ይታመማሉ፣ ለቅሶ ይሄዳሉ። ትኬት የምትቆርጠው ልጃችን ይህን ሁሉ አሁን ከእኔ በተሻለ ታውቃለች። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት እንግዶቹ ደሴቱን ሲጎበኙ እሷ ጀልባዋ ላይ ትቆያለች፤ ጋሼ በዚያ ሰዓት ነው የሞተሩን ክዳን ከፍተው ያስተማሯት። ገዳሙ ሳያውቅ አንዲት መካኒክ አፍርቶልናል።

የመሣሪያ ቦርሳው ተዘጋጅቷል፤ ሁለት ካንዴላ፣ የካንዴላ መፍቻ፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ቴስተር፣ አንድ ማጣሪያ፣ የቀዩ ገመድ ትርፍ ማንጠልጠያ፣ ነጭ ጠርሙስ፣ የእጅ ባትሪ፣ ጨርቅ። ቁልፉ ሁለት ነው፤ አንዱ ጋሼ ጋ፣ ሌላው ትኬት ቆራጯ ጋ ይሆናል። ቦርሳው በንብረት መዝገብ ገብቷልና የጎደለ ዕቃ ወር ሳይሞላ ይነገረኝ።

ልምምዱ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ወደቡ ላይ ይጀመራል። ጋሼ አንድ ነገር አበላሽተው ይጠብቋችኋል፤ ምን እንደሆነ ለእኔም አልነገሩኝም። ነጠላ ትታችሁ፣ አሮጌ ልብስ ለብሳችሁ ኑ፤ የቤንዚን ሽታ ከጥጥ ላይ ቶሎ አይለቅም።